አንድ ዘመድ፣ አንድ ጎተራ

የሰውን ስልክ ሳይነካ ውሎ የማያድር ሰው የሌለበት ዘመድ የለም። የእናንተ ዘመድ ውስጥ ከሌለ ደስታችሁን ደብቃችሁ ያዙ፤ ከተሰማ የእኛው ይመጡላችኋል።

የእኛው ክቡር አቶ ባንተአምላክ ናቸው፤ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ የቢቸና ነዋሪ፣ ራሳቸውን በራሳቸው የሾሙ የስልኮቻችን ሁሉ አዛዥ። አዲስ ስልክ ስትገዙ ካርቶኑ ሳይከፈት ይደርሳሉ። "እስቲ አምጣው" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ የእናንተ መሆኑ ያበቃል።

ስልክ ሲከፈት አካውንት ይጠይቃል። ሌላው ሰው የየራሱን ያወጣል። እሳቸው ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለነውን ዘመዳሞች በሙሉ በራሳቸው አካውንት ከፈቱን። ለምን ሲባሉ፣ "አንድ ዘመድ፣ አንድ ጎተራ" ይላሉ። ፓስወርዱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

መዘዙን ስሙልኝ። አንዳችን ያነሣነው ፎቶ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ወደ ጎተራው ይገባል፤ ጎተራው ደግሞ ለሁላችንም ይታያል። ጀርባዬ ላይ እባጭ ወጥቶ ለሐኪም ላሳይ ብዬ ፎቶ አስነሣሁ። ሐኪሙ ጋ ሳልደርስ ከሞጣ ተደውሎ ፌጦ ለጥፍበት ተባልኩ። የደብረ ወርቋ አክስቴ ደግሞ ጠበል ይሻላል አለች። ሚስቴ ለፋሲካ ያሰበችውን ቀሚስ ፎቶ አንሥታ ብታስቀምጥ፣ የወንድሜ ሚስት ቀድማ አሰፍታ ለብሳው መጣች። ይኼ ጀርባ የኔ ነው፣ የሕዝብ አይደለም ብዬ ብጮህ፣ አቶ ባንተአምላክ ከዘመድ የሚደበቅ ጀርባ እንደሌለ አስረዱኝ።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የእትየ ይርጋነሽን ነው።

እትየ ይርጋነሽ ሞጣ ያሉ ትልቋ አክስታችን ናቸው። ባላቸው መሪጌታ ሣህለ ማርያም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ፎቶ አንሺ ሲያዩ ፊታቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ፣ ሲስቁ ተነሥተዋል። መሪጌታ ሲያርፉ ያ ፎቶ ለተዝካራቸው በትልቁ እንዲታተም ተባለና ለዝግጅቱ ሁላችንም ሞጣ ተሰበሰብን።

አቶ ባንተአምላክ ገና ከመቀመጣቸው የእትየ ይርጋነሽን ስልክ ተቀብለው፣ ሞልቷል አሉና ፎቶዎቹን ጠራርገው አጠፉ። የመሪጌታ ፎቶ ጎተራው ውስጥ ስላለ አይዟችሁ አሉን፤ ብንፈልግ የለም። ለካ ሲጠርጉ የነበሩት ጎተራውን ራሱን ነው፤ ከአንዱ ስልክ የጠፋው ከሁላችንም ስልክ ጠፋ።

እትየ ይርጋነሽ አላለቀሱም። ስልካቸውን እያገላበጡ፣ "ሳቁም ሄደ?" ብቻ አሉ።

እኔ ግን ነደድኩ። በሰው ፊት፣ ለታላቅ በማይባል ቃል ተናገርኳቸው፤ ዛሬውኑ ከጎተራዎ ያውጡኝ አልኩ። ሌሎቹም እኔንም፣ እኔንም አሉ። አቶ ባንተአምላክ ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ስልኩ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይነካሉ። በመጨረሻ ቆሻሻ መጣያው ጋ ደረሱ። ለካ የተጠረገ ፎቶ ወዲያው አይጣልም፤ እዚያ ገብቶ ጥቂት ጊዜ ይቆያል። መልስ የሚለውን ነኩት።

ትንሽ ቆይቶ መሪጌታ በወንድሜ በየሺጥላ ስልክ ላይ ብቅ አሉ። ቀጥሎ በኔ። ቀጥሎ በሁሉም። ቤቱ ውስጥ ባለነው ሁሉ እጅ ላይ መሪጌታ ሣህለ ማርያም እየሳቁ ነበር።

"እንግዲህ ልለያችሁ" አሉ አቶ ባንተአምላክ ቀስ ብለው። "ከእትየ ልጀምር?"

እትየ ይርጋነሽ ስልካቸውን ጉያቸው ከተቱት። "እኔን ተወኝ ልጄ። ጧት ጧት እናንተን የማያችሁ በዚች ነው። ለብቻዬ ጎተራ ምን ላስቀምጥበት?"

እኔም ስልኬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩ። የጮኸ ሁሉ እንደኔው አደረገ።

ወደ ቢቸና ስመለስ፣ መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ራሴን ፎቶ አነሣሁ። ጧት እትየ ይርጋነሽ እንዲያዩኝ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ቤቴ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። አቶ ባንተአምላክ ናቸው።

"ከስተሃል" አሉኝ። "ያ እባጭህስ እንዴት ሆነ?"

ምን አገባቸው? ድኗል አልኳቸው፤ ፌጦው ነው ያዳነኝ።