ያልተነጠፈለት ስም

እኔ ኮምፒውተር ሲቆጣኝ አልወድም። አንተ ትወዳለህ? ጉብሬ ከተማ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ የማስተምር ሰው ነኝ፤ መቆጣት የኔ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመስቀል ሁላችንም እንሴኖ፣ እናታችን ቤት እንሰበሰባለን። ፍራሽ አይበቃም፤ በየዓመቱ ጭቅጭቅ ነው። ዘንድሮ ማን የት እንደሚተኛ የሚደለድል ፕሮግራም ልጻፍ አልኩ። እናቴ የታላቅ ወንድሜን የደሳለኝን ስም እንዳልረሳ በስልክ አስጠነቀቀችኝ። ደሳለኝ አባታችን የተከለውን ባሕር ዛፍ ሳያማክረኝ ከቆረጠ ጀምሮ ስድስት ዓመት ተኮራርፈናል፤ እኔ ካለሁ አይመጣም። ለእናቴ ስል ስሙን አስገባሁ። ፍራሽ ግን አልሰጠሁትም። ለማይመጣ ሰው ፍራሽ?

ፕሮግራሙ እምቢ አለ! ስሙን አስገብተህ አልተጠቀምክበትም ብሎ ቀጥ። ማስጠንቀቂያ ቢሆን እሺ፤ ጭራሽ አልሠራም አለኝ እኮ!

ቋንቋው «ጎ» ይባላል። የጠነሰሱት ሦስት አንጋፋ መሐንዲሶች ናቸው። የጻፉት ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ እስኪተረጎም መጠበቅ ሰለቻቸው። ቶሎ የሚተረጎም፣ ሕጉ ጥቂት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳይቸገር የሚያነበው ቋንቋ እንሥራ አሉ። ደግ። ፕሮግራም ውስጥ ተጠርቶ ሥራ ያላገኘ ትርፍ ስምም አይኑር አሉ። ይሁን! ግን ወንድሜ ትርፍ ነው ያላችሁ ማነው? በቤተሰቤ ጉዳይ ምን አገባችሁ?

ለእናቴ ደውዬ ማሽኑ እምቢ ስላለ ስሙን ልሰርዘው ነው አልኳት። «ማሽኑ ካንተ ይሻላል፤ ሰው ከጠራህ መኝታ ስጠው ነው የሚልህ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በንዴት የራሴን ፍራሽ ለደሳለኝ ሰጠሁ። እንካ! ፕሮግራሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አሁን ደግሞ የኔን ስም አልተጠቀምክበትም አለኝ! ኧረ በሕግ! ሌላ ፍራሽ ከየት ላምጣ? ሁለታችንንም አንድ ፍራሽ ላይ ጻፍኩ። ወዲያው እሺ ብሎ ሠራ።

ዝርዝሩን ለእናቴ ላክሁላት፤ እሷ ደግሞ በእህቴ ስልክ ለደሳለኝ አስላከችው። በመስቀል ዋዜማ፣ ጠዋት፣ ከቡታጅራ በመጣው ሚኒባስ ዱብ አለ። ስለ ባሕር ዛፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጫማውን አወለቀና የኛ ፍራሽ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። የኛ አለ፤ በጆሮዬ ሰማሁ።

እነዚያ ሦስቱ መሐንዲሶች ትንሽ መጠበቅ አንገብግቧቸው አዲስ ቋንቋ ሠሩ። እኛ ባለን ቋንቋ አንድ «የኛ» ለማለት ስድስት መስቀል ፈጀን። ንዴቴ ግን አልበረደም። ደሳለኝ ያንኮራፋል፤ ማንኮራፋትን የሚከለክል ሕግ ሲሆን ቋንቋው የለውም!