በሕግ የተነገረ መርዶ

ፌዴሬሽኑ በሰላም ዐርፎ ኤርትራ ዐሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ወዲህ፣ ለአስመራ ሕዝብ ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ የሚበልጠው ሬድዮ ነው። ሬድዮውም የሕዝብ ነው። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ማለዳ ማለዳ ራሱ ሬድዮው ይነግረዋል።

ሕዝቡ በንብረት ጥበቃ እንዳይደክም ታስቦም ሌሎች ተካፍለው ይዘውለታል። ምሰሶው የስልክ ሰዎች ነው። ማይክሮፎኑ ከአዲስ አበባ በውሰት የመጣ ነው። ኤሌክትሪኩ የአንድ ጣሊያን፣ ወንበሮቹ የጠቅላይ ግዛቱ ግምጃ ቤት ናቸው። ለሕዝቡ የተረፈው ጆሮው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚጠቀመው በየዓመቱ የሬድዮ ፈቃድ እያሳደሰ ነው።

ኣርኣያ ሃብተሚካኤል በዚህ ጣቢያ ዜና አንባቢ ነበር። አማርኛን ትምህርት ቤት በአለንጋ ተምሮ አፋቸውን ከፈቱበት ሰዎች ይልቅ ያሳምረዋል። ድልድይ ሲመረቅ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። በትውልድ መንደሩ በዓዲ ኣበይቶ «ልጃችን መንግሥትን ያናግራል» ይሉለታል። የሚናገረው መንግሥት መሆኑንና ልጃቸው አፉን ብቻ ማከራየቱን ማንም አልነገራቸውም።

አንድ ማክሰኞ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ እሱንና ታላቅ ወንድሙን ረዳኢን ያሳደጉት የእናታቸው እህት፣ ሓትኖ ኣረጋሽ፣ መንደር ውስጥ ዐረፉ። ቀብሩ ለማግስቱ ዐሥር ሰዓት ተቀጠረ። ረዳኢ ግን ከረን ነው፤ ሱቅ አለው፤ አልሰማም። እሱ ሳይደርስ አፈር ቢለብሱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚቆጨው ነገር ነው።

የኣርኣያ ጎረቤት ኢንድሪስ፣ የወሎ ሰው፣ የከረን አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሊያጽናና መጣ።

«አላህ ያጽናህ ወንድሜ። ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ። የረዳኢን ሱቅ አውቀዋለሁ፤ መርዶውን እኔ ላድርስልህ።»

«በአውቶቡስ?» አለ ኣርኣያ። «የሬድዮ ሰው አክስት ሞታ መርዶዋ ከዶሮና ከከሰል ጋር ተጭኖ ይሂድ?»

«አውቶቡሱ ምን በደለህ? ከረን ይደርሳል።»

«ሬድዮውም ይደርሳል! ካርቱም ድረስ ይሰማል!»

«ካርቱም ዘመድ አላችሁ እንዴ?»

«ኣይፋልን! የቐንየለይ!» ሲል በትግርኛ እምቢታውንም ምስጋናውንም አንድ ላይ ወርውሮ ኣርኣያ በሩን ዘጋ። ለመንደሩ ሽማግሌዎችም፣ በሬድዮ ሳይነገር እንዳይቀብሩ መልእክት ላከ።

በማግስቱ ማለዳ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ርኅሩኅ ሰው ነበሩ።

«ሐዘንህ ሐዘናችን ነው። ለመሆኑ ሟቿ ምን ሹመት ነበራቸው?»

«በርበሬ ይነግዱ ነበር፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ዜና አይደሉም። ዜና በጀቱ ከላይ ነው፤ የሚሞትበትም ሰው ከላይ መሆን አለበት። ንግድ ክፍል ጠይቅ።»

ንግድ ክፍሉ፣ ሟቿ ከእንግዲህ የሚሸጡት ስለሌላቸው እንደ ደንበኛ አልቆጥራቸውም አለ። የመንፈሳዊው ሰዓት ኀላፊ፣ ሰዓቱ የቤተ ክህነት ነው፤ እኔ ጠባቂው ነኝ አሉ። የስልክ ሰዎች ደግሞ በምሰሷቸው ላይ እስከ ዛሬ የበርበሬ ነጋዴ ሐዘን አልፎ እንደማያውቅ በትሕትና አስረዱ። በመጨረሻም ስብሰባ ተጠርቶ ሁሉም ሬድዮው የሕዝብ መሆኑን በአንድ ድምፅ ካረጋገጡ በኋላ፣ ጉዳዩ ባለቤት ስላጣ በቴሌግራም ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ከቀትር በኋላ ኣርኣያ ባርኔጣውን አነሳ።

«ቀብሩ ደርሷል፣ ጌታዬ።»

«ወዴት ነው? መልሱ ሲመጣ አመልካቹ ካልተገኘ ጉዳዩ ይዘጋል!»

ኣርኣያ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ዓዲ ኣበይቶ በቢስክሌት ቅርብ ነው። ሆኖም ያለ ሬድዮ እንደማይቀብሩ እርግጠኛ ነበር፤ አክስቱ ራሳቸውም ቢሆኑ የልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የሚሄዱ አልመሰለውም።

ፈቃዱ የመጣው ሲመሽ ነው። አዲስ አበባ ቃሉን አሻሽላው ነበር። ኣርኣያ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ በዚያ ባማረ ድምፁ አነበበው።

«ወይዘሮ ኣረጋሽ፣ አገሪቱ በልማት ጎዳና በምትገሰግስበት በዚህ ወቅት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ያልሰማችሁ ዘመዶች በቀብሩ ላይ እንድትገኙ።»

ድምፁ አንድም ቦታ አልተሰበረም።

በሐዘን ቤት ሬድዮ አይከፈትም። በዓዲ ኣበይቶ ድንኳን ግን በዚያ ምሽት፣ የመንደሩ ልጅ ይናገራል ተብሎ አንዱን ከፍተው ነበር። ረዳኢ የመቃብሩ አፈር ከጫማው ሳይራገፍ ተቀምጦ አዳመጠ። ኢንድሪስ በሩ ቢዘጋበትም መርዶውን ያለ ማንም ፈቃድ ጎህ ሲቀድ ጭኖ ሄዷል፤ በመልሱም ረዳኢን ይዞት መጥቷል። ሽማግሌዎቹ የሬድዮውን ልጅ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ጠበቁ። ሬሳ ግን ፊርማ አይጠብቅም።

ሬድዮው ወደ ድልድይ ምረቃ ሲያልፍ ረዳኢ ዘጋው። ዙሪያውን አየ፤ ከዘመድ ያልመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ኢንድሪስ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አሁን ወደ ከተማ ትመለሳለህ ኣይደል?»

«እወ።»

«እንግዲያው አንድ መርዶ አድርስልኝ፤ ለኣርኣያ። ቀስ ብለህ ንገረው። አልሰማም።»