የረጋው ነዳጅ

ሰው «ተረጋጋ!» ሲለኝ ሳቄ ይመጣል። ምኑ ያስቃል አትሉም? በዚህች ቃል የተነሳ ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንድ በርሜል ነዳጅ ሲበላሽ አይቻለሁ እኮ!

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ ዳቦ ቤት ከፍቶ ነበር። ጓሯችን ደግሞ የኬሚስትሪ አስተማሪው የመምህር ዳና ግዛት ነው። ሰጋቱራና የበቆሎ ቆሮቆንዳ በርሜል ውስጥ አፍኖ ከሥር እሳት ይለቅበታል፤ ጭሱን በቧንቧ አውጥቶ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ ጥቁር ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ሽታው? እሱን ተዉት! ሁለት አከራዮች በዚያ ሽታ አባረውታል። የቀረው የእኛ ጓሮ ብቻ ነው፤ ከዚህ ከወጣ ሕልሙም አብሮት ወጣ ማለት ነው።

ዘይቱ ትኩስ እያለ የዳቦውን ምድጃ ቦግ ያደርገዋል። ጣጣው ሲሰነብት ነው። ውሃው ላይ፣ ዝቃጩ ታች ይሆንና እንደ ሬንጅ ረግቶ የማቃጠያውን አፍንጫ ይደፍናል። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይባላል፤ ከረጋ ዘይት ግን የሚወጣው የአባቴ ቁጣ ብቻ ነበር። ታገሠ፣ ታገሠና «የጊፋታ ለት ከደፈነብኝ በርሜልህን ይዘህ ውጣ» አለው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በዚያን ቀን ዳቦ አለቀ ማለት የት አባቱ ይቻላል?

መምህር ዳና መላ አላጣም። አዲስ ዘይት አወጣ፤ አንድ ጀሪካን ዳግም አረቄም ገዛ። በዚያው ቀን እናቱ ታመሙ ተባለና ወደ ቦዲቲ ሊሮጥ ሆነ። ሲወጣ ለአባቴ «ጋሼ፣ ሲቀዘቅዝ አረቄውን ጨምሩበት፤ ይረጋል» ብሎት ሄደ።

ይረጋጋል፣ አይወፍርም ማለቱ ነበር። እሱ አፉን የፈታው በወላይትኛ፤ አባቴም ቢሆን አማርኛን ሲነግድ ነው የለቀማት። «ይረጋል» ሲባል የታየው ያው ሬንጅ ነው። አረቄ ከነካው የሚረጋ ከሆነማ ምን በወጣው ብሎ ዘይቱን ከአረቄው ሊያድን ተነሳ። እንዴት? ጓደኞቹን ጠርቶ ጠጡታ!

መምህር ዳና እናቱን ሲያስታምም ሰንብቶ ሲመለስ ዘይቱ ከማማሰያው አልላቀቅ ብሏል። አባቴ በኩራት አንዲት ጠብታ እንዳላስነካው ነገረው። አረቄው የት ሄደ ቢለው ሆዱን መታ መታ አደረገ። ምስኪን፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለና «ጋሼ፣ መድኃኒቱን እኮ ነው የጠጣችሁት!» አለ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየለትም፤ አንጀቴን በላው።

አባቴ አፈረ። በርሜሉን ማስወጣቱ ቀርቶ ሌላ አረቄ ራሱ ገዛ። መምህር ዳና እንደገና ያወጣው ዘይት አረቄውን በጊዜ ጠጣና አልተለየ፣ አልወፈረ፣ እስከ በዓሉ ቆየ። የዚያ ጊፋታ ዳቦ ጭስ ጭስ እያለ ተበላ።

ዛሬ ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዳቦም ይጠፋል። መምህር ዳና ቤሌ ወደምትባል ከተማ ተዛውሮ እዚያው ቀረ። ያ አከራይ ያስመረረ ሽታ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ይናፍቀኛል።

አባቴ ግን ትምህርቷን አልረሳትም። እናቴ በአረቄ በተቆጣችው ቁጥር «ያረጋጋል! የተማረ ሰው ነው ያለው» ይላት ነበር። እሷም ከወንበሩ መነሳት ያቃተውን ሰውዬ እያየች፣ «አንተማ ረጋህ እንጂ መቼ ተረጋጋህ!»