የፈረስ ቤቷ እንሽላሊት ሙቀት

ያላየውን ነገር አስረግጦ የሚናገር መምህር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሩቅ ሳልሄድ ራሴን አገኘሁት።

ሞቅ ካለው ፍኖተ ሰላም ወደ ብርዳማው ፈረስ ቤት ተዛውሬ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ «የፈረስ ቤት እንሽላሊት ከፍኖተ ሰላሟ ይልቅ ሰውነቷ ቀዝቃዛ ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ፈተና አወጣሁ። ከክፍሉ አለምነሽ ብቻ «ሐሰት» አለች። ኤክስ አደረግሁባት።

በማግስቱ አባቷ መሪጌታ ይባቤ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«መምህር፣ ልጄ ተሳስታ ከሆነ ትታረም። ግን እርስዎ እንሽላሊቷን ይዘው አይተዋታል?»

«መጽሐፉ አይቷታል» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

መሪጌታ ወደ ድንጋዩ አጥር መሩኝ። መብራት ጠፍቶ ፕላዝማው ዝም ስላለ ክፍሉ በሙሉ ተከተለን። ረፋድ ነው፤ ፀሐይ ብትወጣም ብርዱ ጋቢዬን ዘልቆ ይገባል። ድንጋይ ላይ ተለጥፋ ፀሐይ የምትሞቅ እንሽላሊት አለምነሽ ያዘችልኝና የቤተ ሙከራውን ቴርሞሜትር ሆዷ ሥር አስጠጋሁ። ሽቅብ ወጥቶ ከእኔ ሙቀት ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ ቆመ።

«ሲበርዳት ፀሐይ ላይ ትወጣለች፤ ሲበቃት ድንጋይ ሥር ትገባለች። ስለዚህ እዚህም ሆነ ፍኖተ ሰላም ሙቀቷ ያው ነው» አለች አለምነሽ።

«ዘር ማንዘሯ በዚህ ብርድ ሲኖር ደሟ እንዴት ሳይለወጥ ቀረ?» አልኳት፣ እጄን ላለመስጠት።

ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችልኝ። «መምህር፣ እርስዎስ ፈረስ ቤት ሲመጡ ጋቢ ደረቡ እንጂ ደምዎን ቀየሩ?»

መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም የአለምነሽን ኤክስ ሰርዤ ራይት አደረግሁላት። የሌሎቹን ራይት ሁሉ ግን እያዘንኩ ወደ ኤክስ ቀየርኩት፤ ጥፋታቸው እኔን ማመናቸው ብቻ ነበር።