የሸምሲ ሣር

(ደሴ፣ በደርግ ዘመን፣ እህል በሰልፍ በሚገዛበት ወቅት፤ የእሑድ ረፋድ። ጀማሉዲን ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በራሱ አፍ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው ነው። አብዱልወሀብ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ነው፤ አንድ ነገር ሦስቴ ካልተነገረው አይገባውም እያሉ ያሙታል። ፍርግርግ ባለው መስኮት ደፍ ላይ፣ ለሁለት በተሰነጠቀ የዘይት ቆርቆሮ፣ የገብስ ቡቃያ ለምልሟል። ሸምሲ የምትባለው ወፍራም ድመት ፍራሽ ላይ ተጋድማለች።)

አብዱልወሀብ፦ አልገባኝም። ድመት ሥጋ በል ናት ወይስ አይደለችም?

ጀማሉዲን፦ ናት አልኩህ!

አብዱልወሀብ፦ ታዲያ ገብሱ ለማን ነው?

ጀማሉዲን፦ ለእሷ! ገብሱን አይደለም የምትበላው፣ ቡቃያውን ነው። ድመት ገላዋን ስትልስ ጠጉሩ ሆዷ ይገባል። ሣር ስትበላ ወይ ያስመልሳታል፣ ወይ ወደ ታች ይወርድላታል።

አብዱልወሀብ፦ ደጅ ወጥታ ብትግጥስ?

ጀማሉዲን፦ ሰፈሩ ሁሉ የአይጥ መርዝ በትኖ? የጎረቤታችን የበሺር ድመት እንደወጣች ቀረች እኮ! ሸምሲን አፈር አላለብሳትም፤ ከቤት ንቅንቅ አትልም።

አብዱልወሀብ፦ አላህ ይጠብቃት። እሺ፣ እንዴት ነው የምትዘራው?

ጀማሉዲን፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) አክስቴ ከኩታበር የላከችልኝን ገብስ ማታ ትዘፈዝፋለህ። ጠዋት ውሃውን ታጠልላለህ። አፈር ላይ ነስንሰህ በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍናለህ። ሲጎነቁል ጨርቁን ታነሳለህ።

አብዱልወሀብ፦ ከድመቷ ላይ?

ጀማሉዲን፦ ከገብሱ ላይ! ድመት ይጎነቁላል?

አብዱልወሀብ፦ እኔ ምን አውቄ። ውሃስ?

ጀማሉዲን፦ ትረጨዋለህ እንጂ አታጥለቀልቀውም። ከሻገተ ያሳምማታል።

አብዱልወሀብ፦ እሷን ብቻ?

ጀማሉዲን፦ አንተም ልትግጥ አስበሃል እንዴ?

አብዱልወሀብ፦ ኧረ ጠየቅሁ እንጂ። እንዲያው... ቆርቆሮውን ብታዞረውስ? በመስኮቱ በኩል ያለው አልቋል፤ ወዲህ ያለው ግን አልተነካም።

ጀማሉዲን፦ ማሻአላህ፣ ዛሬስ ገባህ! ቡቃያ ወደ ብርሃን ስለሚያዘነብል በየቀኑ መዞር አለበት። (ያዞረዋል።)

አብዱልወሀብ፦ ሌላ ቆርቆሮ ቢጨመርስ? አንዱ ሲጋጥ አንዱ ይደርሳል።

ጀማሉዲን፦ በየሳምንቱ አዲስ እዘራ የለ! ግን ሸምሲን ማን ይችላታል? ጠዋት ለምለሙን ትቼላት ሥራ እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ በምላጭ የተላጨ ይመስላል። እንደዚህ ሣር የምትበላ ድመት በወሎ ምድር የለችም!

አብዱልወሀብ፦ ወላሂ የለችም።

ጀማሉዲን፦ ቆይ በዓይንህ እይ! (ሸምሲን ታቅፎ ቆርቆሮው አጠገብ ያስቀምጣታል። የአንዷን ቡቃያ ጫፍ አኝካ፣ አዛግታ እዚያው ትጠቀለላለች።)

አብዱልወሀብ፦ ጠገበች።

ጀማሉዲን፦ ምን ትጠግባለች! እንግዳ አይታ አፍራ ነው።

(የሸምሲ ሆድ በማያልፍበት ፍርግርግ መሀል እርጥብ ጥቁር አፍንጫ ብቅ ይላል። የሰባ ሙክት ነው። የዞረለትን ለምለም ጥርግ አድርጎ ይግጣል። ጀማሉዲን ስለ ሸምሲ ለፋብሪካው ሰው ሁሉ ያወራው ወሬ አንድ በአንድ ትዝ እያለው ፊቱ ጋለ።)

ጀማሉዲን፦ ይሄ... ይሄ የማነው?

አብዱልወሀብ፦ የኔ ነው። ለአረፋ እያደለብሁት ነው።

ጀማሉዲን፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሚመጣው?

አብዱልወሀብ፦ ከመጀመሪያው ቆርቆሮ። ማታ ማታ ዱአ ሳደርግልህ ነው የከረምሁት። ጉበቱ ደግሞ የሸምሲ ነው፣ በልቤ ቃል ገብቼ ነይቻለሁ።

ጀማሉዲን፦ ይህን እያወቅህ “ወላሂ የለችም” ብለህ ትምልልኛለህ?

አብዱልወሀብ፦ አለች እንዴ ታዲያ?

(ጀማሉዲን ሊቆጣ ሲል ሳቁ ቀደመው። ሙክቱ ከንፈሩን እየላሰ ያየዋል።)

ጀማሉዲን፦ አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ያን ጊዜ ብትነግረኝ?

አብዱልወሀብ፦ ብነግርህ ትዘራ ነበር?