ቤዝ ጊታር እናሳጥራለን

(የልብስ ስፌት ቤት። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የተሰፋ ኮትና አንድ ረጅም ቤዝ ጊታር ተጋድመዋል፤ ጥጉ ላይ መጋዝ ተደግፏል። ግድግዳው ላይ ደንበኛ ሲለካ ራሱን የሚያይበት ትልቅ መስታወት አለ። ልብስ ሰፊው የታናሽ ወንድሙን፣ የዳቦ ጋጋሪውን፣ ጣቶች በሜትር እየለካ ነው።)

ልብስ ሰፊው፦ አውራ ጣት አይቆጠርም አልኩህ!

ጋጋሪው፦ እንዴት አይቆጠርም? እጄ ላይ አይደል እንዴ የበቀለው?

ልብስ ሰፊው፦ እሱ ከኋላ ሆኖ የጊታሩን አንገት ደገፍ የሚያደርግ ነው። በዚያ ላይ ወፍራም ነው፤ ልኬን ያበላሽብኛል። ትንሿን ጣት አምጣ።

ጋጋሪው፦ ይቺው ናት።

ልብስ ሰፊው፦ የታለች?

ጋጋሪው፦ ይቺ!

ልብስ ሰፊው፦ (መነጽሩን እያደረገ) ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ እብጠት መስላኝ።

ጋጋሪው፦ ወንድም ጋሼ፣ ቀልዱን ተወውና፣ ዕቃዬ የት አለ? አጭሩን ቤዝ ግዛልኝ ብዬ አይደል የላክሁህ? ያንን ያሳየሁህን፣ ቡናማውን?

ልብስ ሰፊው፦ ገዛሁልህ እኮ። ያውልህ።

ጋጋሪው፦ ይሄ ረጅሙ ነው! ቁመቱ እኔን ሊያክል ምን ቀረው?

ልብስ ሰፊው፦ አየህ፣ አንተ ገበያ አታውቅም። ለዚህ ነው እኔን የላክኸኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ዋጋ ብዬ ጠየቅሁ። እኩል ነው አለኝ። እኩል! ሜትሬን አውጥቼ ስለካ ይሄኛው አንድ ሙሉ ስንዝር ይበልጣል። በአንድ ዋጋ ትርፍ ስንዝር እያለልኝ አጭሩን ልግዛ? አብጃለሁ?

ጋጋሪው፦ አጭሩን የፈለግሁት እኮ አጭር ስለሆነ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ጨርቅ ስትገዛ አሳንሱልኝ ብለህ ትለምናለህ?

ጋጋሪው፦ አልለምንም።

ልብስ ሰፊው፦ በቃ!

ጋጋሪው፦ (ትንሽ አስቦ) እኔ ግን ጨርቅ አልገዛሁም። ሻጩ በደንብ አስረድቶኛል። አጭሩ ላይ ክሩም አጭር ነው። ክሩ ሲያጥር እነዚህ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ይቀራረባሉ። እነሱ ሲቀራረቡ ጣቴ ይደርሳል። ክብደቱም ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ለእኔ ቢጤ የሚቻል ነው አለኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ሻጭ ታዲያ ምን ይበልህ? የልጅ ዕቃ ነው፤ አልነሳለት ቢል አንተ ላይ ሊያራግፍ ነው።

ጋጋሪው፦ ትልልቅ ሰዎችም ይጫወቱበታል ብሎኛል።

ልብስ ሰፊው፦ ትልልቅ ሰዎች ቁምጣም ይለብሳሉ!

ጋጋሪው፦ ወንድም ጋሼ፣ ስማኝ። ነገ ከሰዓት ቤዝ መቺ የሚፈልገው የሰፈራችን ባንድ መሪ ሊሰማኝ ነው። ከእሱ ተውሼ ስለማመድበት የነበረው እንዲህ ያለው ረጅሙ ነው፤ ትንሿ ጣቴ ሁልጊዜ አንድ ብረት ይቀራታል። ነገም ከቀራት ቦታውን ለፀጉር አስተካካዩ ይሰጡታል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሊጥ ስደበድብ እኮ በልቤ ቤዝ ስመታ ነው የኖርኩት!

ልብስ ሰፊው፦ ለማን? ለዚያ ጆሮዬን ለቆረጠው? እኔ ቆሜ! አይዞህ፣ መላ አለው። ሱሪ ሲረዝም ምን እናደርጋለን?

ጋጋሪው፦ እንጠቀልለዋለን።

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ትጠቀልላለህ፤ እኔ አሳጥራለሁ። (ከጆሮው ላይ ጠመኔ አንስቶ የቤዙ አንገት ላይ ያሰምራል) ከዚህ እስከዚህ ይወጣል።

ጋጋሪው፦ ቤዙን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ትርፉንም አልጥለውም። ወደ ውስጥ አጥፌ እተውልሃለሁ። ጣትህ ሲያድግ ይለቀቃል።

ጋጋሪው፦ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ።

ልብስ ሰፊው፦ ሰው መቼ እንደሚያድግ ምን ይታወቃል? የእኔ ወገብ ያደገው አምና ነው።

ጋጋሪው፦ እና ከየት በኩል ነው የምትቆርጠው?

ልብስ ሰፊው፦ ከላይ ነዋ።

ጋጋሪው፦ ከላይማ የክሩ ማጥበቂያ ነው ያለው። እሱ ከሄደ ክሩ በምን ይያዛል?

ልብስ ሰፊው፦ አራት ቁልፍ እተክልበታለሁ።

ጋጋሪው፦ የኮት ቁልፍ?

ልብስ ሰፊው፦ የካፖርት! ደህና አድርጎ ይይዛል።

ጋጋሪው፦ ክሩ ሲላላስ?

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ልጅ፣ አታድርቀኝ! እሺ፣ ከታች እቆርጣለሁ።

ጋጋሪው፦ ከታች ሆዱ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ሆድ ማስገባትማ ሥራዬ ነው! ስንቱን ቦርጫም ቀጥ አድርጌ ለሠርጉ ያደረስኩ ሰው! በቃ፣ መሃሉን አውጥቼ ሁለቱን ጫፍ እገጥመዋለሁ። ስፌቱ ከኋላ ስለሚሆን አይታይም። ያንን መጋዝ አቀብለኝ።

ጋጋሪው፦ ሳትለካው?

ልብስ ሰፊው፦ ምን አልክ?

ጋጋሪው፦ ሰው ላይ ሳልለካ መቀስ አላነሳም ትል የለ?

ልብስ ሰፊው፦ (ፈዝዞ ያየዋል) እውነትህን ነው። አንዳንዴ ሳታስበው ደህና ነገር ትናገራለህ። ና፣ ልበሰው።

ጋጋሪው፦ እጄ ዱቄት ነው። አንተ ላይ እንየው።

(ልብስ ሰፊው ማንገቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መስታወቱ ፊት ይቆማል። ረጃጅም ጣቶቹ አንገቱን ጨበጥ ያደርጉታል። አንዱን ክር ይመታል፤ ክፍሉ ድም ይላል።)

ልብስ ሰፊው፦ ውይ!

ጋጋሪው፦ ምነው?

ልብስ ሰፊው፦ ሆዴ ውስጥ ገባ። (ደግሞ ይመታል) ኧረ መቀሱ ተንቀጠቀጠ! ሰማኸው?

ጋጋሪው፦ አይ፣ አላማረብህም።

ልብስ ሰፊው፦ ማን? እኔ?

ጋጋሪው፦ ትከሻህ ላይ ሰፋ ብሎሃል።

ልብስ ሰፊው፦ ሠላሳ ዓመት ሰው ሳለብስ ኖሬ ዳቦ ጋጋሪ ስለ ልክ ሊነግረኝ! እይ ጣቴን! እዚህ ይደርሳል፣ እዚያም ይደርሳል፣ ተርፎ ይታጠፋል። ተለክቶ የተሠራልኝ ነው! (ወደ መስታወቱ ዞር፣ ወደ ጎን ቀና ይላል) እንዴት ያለ ሰው ነኝ በእግዚአብሔር!

ጋጋሪው፦ እሺ፣ አውልቀውና እንቁረጠው። መጋዙ ይኸው።

ልብስ ሰፊው፦ (ቤዙን አቅፎ) ንካውና ታያለህ!

ጋጋሪው፦ የእኔ ዕቃ እኮ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ሽጥልኝ።

ጋጋሪው፦ አልሸጥም።

ልብስ ሰፊው፦ በገዛሁበት ዋጋ!

ጋጋሪው፦ ለገዛ ወንድሙ ዕቃ ሸጠ ሲባል ደስ ይልሃል? አይሆንም። በዚያ ላይ ነገ ያስፈልገኛል። ይቆረጥ።

ልብስ ሰፊው፦ የእናቴ ልጅ፣ እባክህ! አዝዬ ያሳደግሁህ ነኝ። ጉልበትህን ልሳም?

ጋጋሪው፦ ኧረ ተነስ፣ ነውር ነው! ሰው ቢያይስ? (ይተነፍሳል) እሺ፣ እንግዲህ ለአንተ ስል ነው። ውሰደው፣ በገዛህበት።

ልብስ ሰፊው፦ (ከመሳቢያው ገንዘብ አውጥቶ እጁ ውስጥ እየወተፈለት) አንዲት ሳንቲም ሳታተርፍብኝ ነጠቅሁህ! ገበያ ማለት ይሄ ነው፣ ተማር!

ጋጋሪው፦ በለጥከኝ። በል፣ ሱቁ ሳይዘጋ ያንን ቡናማውን ልድረስበት። ዛሬ ጣቴን ላለማምድ።

ልብስ ሰፊው፦ ሂድ፣ ሂድ፣ ይቅናህ። (ድም! ድም! ድም! ከዚያ ጣቱን ከክሩ ላይ ያነሳል) ቆይማ። አንተ ልጅ! ለመሆኑ እኔ ቤዝ መጫወት እችላለሁ እንዴ?

ጋጋሪው፦ (በሩ ላይ ሆኖ) አትችልም።

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ምን አደከመን? ሱቁ ወስደህ ሻጩን ለውጥልኝ ብለህ ብትለምነው ይለውጥልህ አልነበር?

ጋጋሪው፦ አስቤው ነበር። ግን ሻጩን ከመለመን አንተን ማስለመን ቀለለኝ።