የውሰት ጥርስ

የገዛ ጥርሱን ስም ከጎረቤት ለተዋሰ ሕዝብ ልጅ አይዳርለትም! አትቆጡኝ… ያለፈው ቅዳሜ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቋሜ ይሄ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሳራ አባቷ ከሞተ ወዲህ የምትጠየቀው ከእኔ ነው። ቅዳሜ ሽማግሌ መጣ። የተገናኘነው እዚህ ውጭ አገር፣ ፌርፋክስ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው፤ እኔ ሰፈር ፓርክ ማድረጊያ የለማ! ልጁ ሚካ ይባላል፤ ፊንላንዳዊ ነው፤ የተማረው ስለ ቋንቋ ነው። እዚህ ዘመድ ስለሌለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ራሱ መጥቷል። በራሱ ሽምግልና ላይ የተገኘ ሙሽራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"እስቲ ስለ ቋንቋችሁ ንገረኝ" አልኩት። ሳራ አስተረጎመች።

"ጥርስ የምንልበትን ቃል የወሰድነው ከጥንት የባልቲክ ጎረቤቶቻችን ነው" አለ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ። "ኤስቶኒያውያንም እንደኛው ናቸው። የድሮው የራሳችን ቃል ዛሬ የቀረው ለሬክ ጥርስ ነው።"

"ለየቱ ሬክ?"

"ቅጠል ለሚሰበሰብበት።"

ጉድ እኮ ነው! ለአፋቸው የውጭ፣ ለቅጠል መሰብሰቢያው የአገር ቤት!

"ጋሼ ታደሰ" አልኩ ለሽማግሌዎቹ አለቃ፣ "የጥርሱን ስም ያልጠበቀ ሚስት ይጠብቃል ይላሉ?"

"አጎቴ፣ ቅድም ደውለህ 'ሶ፣ ድራይቭ እያደረግኩ ነው፣ ሌት እሆናለሁ' ያልከኝ በምን ቋንቋ ነው?" አለች ሳራ።

እምቢ ልል ጉሮሮዬን ስጠርግ ጥብሱ መጣ።

ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ እህል አይቀምስም። ሚካ ይህን ማን ነግሮት! የተነገረው ስለ ጉርሻ ብቻ ነው። አጥንት ያለበትን ጥብስ ጠቅልሎ፣ ብድግ ብሎ አጎረሰኝ። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም። ነከስኩት… ቋ!

እንግዲህ በእናንተና በእኔ መካከል ይቅር፤ የላይኛው ጥርሴ ዴንቸር ነው፤ ተሰክቶ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ሳራ እንኳ አታውቅም። ወልቆ ጎመኑ አጠገብ አረፈ።

ሽማግሌዎቹ ከመልሱ በኋላ ለሚጠጡት ቢራ እያዘዙ ነበር፤ ሳራም እያገዘቻቸው። ያየው ሚካ ብቻ ነው። እንጀራ ጣል አደረገበት፣ አሳምሮ ጠቀለለውና መዳፌ ላይ አኖረው።

"ይድገሙ" አለኝ፣ በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ። የእኛ ልጆች አንቱ ካሉኝ ስንት ዘመኔ!

"ታዲያ መልስህ ምንድን ነው?" አሉ ጋሼ ታደሰ።

አፌ አይከፈት! ራሴን በእምቢታ መነቅነቅ እችል ነበር። ግን ሚካን አየሁት፤ እኔን ላለማየት ጎመኑን ትክ ብሎ ያያል። አፈርኩ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ፤ ምግብ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ደግሞስ እነሱ የተዋሱት ስሙን ብቻ ነው፤ ጥርሱ የራሳቸው ነው። የእኔ ዴንቸር ግን… ስሙም ጥርሱም የውሰት ነው።